የማደሪያው ጠባቂና የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ስለ ደበደቡት ሰው ጌታችን የተናገረውን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል (ሉቃ. 10፥30-37)። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ስንት ጊዜ በጭውውት ቀርቧል! ካህኑን ሆኖ አይቶ የሚያልፍ፣ ሌዋዊውን ሆኖ ገለል ብሎ የሚሄድ፣ ሳምራዊውን ሆኖ ዘይትና ወይን የሚያፈስ ወጣት አይጠፋም። ከተዋንያኑ መካከል ግን አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ይኸውም የእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ነው። መድረክ ላይ ቢወጣም ሁለት ዲናሩን ተቀብሎ ራሱን ነቅንቆ ከመግባት በቀር የሚናገረው የለውም።

ነገር ግን ምሳሌውን ረጋ ብለን ብንመረምረው፣ ያለዚህ ሰው የሳምራዊው ቸርነት ከመንገድ ዳር አይዘልቅም ነበር። ሳምራዊው መንገደኛ ነው፤ በማግሥቱ ይሄዳል። የቆሰለው ሰው ግን በአንድ ሌሊት አይድንም። ስለዚህ የሚቀበለው፣ የሚያስተኛው፣ የሚወጣውንም ወጪ በታማኝነት የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ሳምራዊው የሰጠው ሁለት ዲናር ነው፤ አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደ ነበረ በወይን ቦታ ስለ ተቀጠሩት ሠራተኞች ከተነገረው ምሳሌ እንረዳለን (ማቴ. 20፥2)። ከዚያ በላይ የሚወጣውን ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ አደራ አለና ሄደ። እንግዲህ ልብ እንበል። ጠባቂው ሒሳቡን አብዝቶ ቢይዝ ሳምራዊው ይበደላል፤ ገንዘቡ አለቀ ብሎ በሽተኛውን ቢያስወጣው ደግሞ ነፍስ ይጠፋል። ምሕረትና ሒሳብ በአንድ ሰው እጅ ላይ ተገናኙ።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን ምሳሌ በምሥጢር ሲተረጕሙት ሳምራዊው ጌታችን፣ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባቂው ደግሞ የምእመናን መምህር ነው ይላሉ። ይህ ትርጓሜ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ዛሬ የማደሪያውን ጠባቂ ሥራ በዕለት ኑሯችን ውስጥ የሚሠሩትን ወገኖቻችንን ልናስብ እንወዳለን። እነርሱም በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው በካርድ ክፍል በሽተኛ የሚመዘግቡ፣ ማኅደር የሚያወጡና የሚመልሱ፣ በገንዘብ መቀበያ መስኮት ተቀምጠው ሒሳብ የሚቀበሉ ሠራተኞች ናቸው።

ሰው ከሕመሙ ሲድን ማንን ያመሰግናል? በመጀመሪያ እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎ ሐኪሙን፣ ከዚያም ነርሷን። ይህም ተገቢ ነው። ስለ ካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የሚነሣው ግን ወቀሳ ብቻ ነው። «ከንጋት ጀምሮ አስቆመኝ»፣ «ካርድህ የለም አለኝ»፣ «ሳትከፍል አትገባም አለችኝ» ሲባል እንሰማለን። ካርዱ በተገኘ ቀን ስለ መገኘቱ የሚያወራ የለም። ሥራው ሲበላሽ ለሁሉ ይታያል፤ ሲቃና ግን ማንም አያየውም። እስቲ ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ጥቂት እንመልከት።

1ኛ. ስምን የመያዝ አደራ

አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ዕድሜው፣ ወረዳውና ቀበሌው፣ ስልክ ቁጥሩም ይጻፋል። ከዚያም የካርድ ቁጥር ይሰጠውና በዚያ ቁጥር ማኅደር ይከፈትለታል፤ በእጁም ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ የቀጠሮ ካርድ ይይዛል። ማኅደሩ በመደርደሪያ ላይ በቁጥር ተራ ይቀመጣል። ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ማኅደሩ ወጥቶ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል፤ በወጣበትም ቦታ ወዴት እንደ ሄደ የሚያመለክት ካርድ ይተካል። ማታ ተሰብስቦ በየቦታው ይመለሳል። በሺህ ከሚቆጠሩት ማኅደሮች አንዱ በስሕተት በሌላ ቁጥር መካከል ቢገባ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ኮምፒዩተር ገብቷል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሰው የነገረውን ብቻ ነውና አደራው ዛሬም የሰው ነው።

የአገራችን ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ሌሎች አገሮች ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለንም። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል «አልማዝ ከበደ» ተብሎ ቢጠራ ሁለት ሦስት ሴቶች ብድግ ሊሉ ይችላሉ። የአያት ስም መጠየቁ ለዚህ ነው። ፊደላችንም ቢሆን እንዲሁ ነው። አንዱ ኃይሉን በብዙኃኑ ኀ ሲጽፈው ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። ፀሐይን በፀሐዩ ፀ ፈንታ በጸሎቱ ጸ የሚጽፍ አለ። ስም በፊደል ተራ ሲፈለግ ይህ ሁሉ ልዩነት ያስቸግራል። ኮምፒዩተሩ በላቲን ፊደል የሚሠራ ከሆነማ አንዱን ስም ዐሥር ሰው በዐሥር ዐይነት ሊጽፈው ይችላል።

በእኛ በክርስቲያኖች ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። አንዲት እናት በጎረቤት የምትጠራበት ስም አላት፤ የክርስትና ስምም አላት። ዛሬ አስቴር ብላ፣ በመንፈቁ ወለተ ማርያም ብላ ብትመዘገብ አንዲት ሴት ሁለት ማኅደር ይኖራታል። በአንደኛው ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ተጽፏል፤ በሁለተኛው አልተጻፈም። ሐኪሙ የሚያነበው በፊቱ የቀረበለትን ነው። እንግዲህ በመስኮቱ በኩል «እማማ፣ ከዚህ በፊት እዚህ መጥተው ያውቃሉ? ሌላ የሚጠሩበት ስም አለ?» ብላ የምትጠይቀዋ ልጅ ነገር እያንዛዛች ይመስላል እንጂ ከአደጋ እየጠበቀች ነው። ይህች አጭር ጥያቄ ነፍስ የምታድንበት ቀን አለ።

በዩኒቨርሲቲ የምንገኝ ወጣቶች ይህን ለመረዳት አይከብደንም። በሬጅስትራር መስኮት ፊት ተሰልፈን እናውቃለን። የመታወቂያ ቁጥራችን በአንድ አኀዝ ቢሳሳት የደከምንበት ውጤት ወደ ሌላ ሰው እንደሚሄድ እናውቃለን። በትምህርት ነገር የተሳሳተ በአቤቱታ ይታረማል። በመድኃኒት ነገር የተሳሳተ ግን የሚታረምበት ጊዜ ላይገኝ ይችላል።

በእግዚአብሔር ዘንድ ስም ትልቅ ነገር ነው። ጌታችን ስለ መልካም እረኛ ሲያስተምር የራሱን በጎች በየስማቸው እንደሚጠራቸው ተናግሯል (ዮሐ. 10፥3)። ጌታችን ራሱም የተወለደው በምዝገባ ወራት ነው። አውግስጦስ ቄሣር ሕዝቡ እንዲመዘገብ ስላዘዘ ዮሴፍ ከእመቤታችን ጋር ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም ወጣ (ሉቃ. 2፥1-5)። በዚያ ወራት ስም ይጽፍ የነበረው ጸሐፊ በተራው ከሚቆሙት መካከል እነማን እንዳሉ አያውቅም ነበር ይሆናል። ለእርሱ ከብዙ ሰዎች መካከል ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በመስኮት ተቀምጦ ስም የሚጽፍ ሰው በፊቱ ማን እንደሚቆም አያውቅምና ሁሉን በአክብሮት ሊቀበል ይገባዋል። ጌታችን በፍርድ ቀን ታምሜ ነበርና እያለ እንደሚናገር አስተምሮናል (ማቴ. 25)። በመስኮቱ ፊት ቆሞ ስሙን ሲያስመዘግብ የሚውለው የታመመ ሰው ነውና።

2ኛ. ሒሳብን የመያዝ አደራ

በካርድ ክፍሉ አጠገብ ሌላ መስኮት አለ፤ የገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት። ሰው በዚህ መስኮት ፊት ሲቆም ልቡ ይከብዳል። ለካርድ ከፍሎ፣ ለላቦራቶሪ ከፍሎ፣ ለራጅ ክፈል ሲባል ንዴቱ በፊቱ ባለችው ላይ ይወርዳል። ዋጋውን ያወጣችው ግን እርሷ አይደለችም። ተመኑ በበላይ አካል ተወስኖ የወረደ ነው። አንድ ብር መጨመርም መቀነስም አትችልም። ማታ ሥራ ሲያልቅ የደረሰኙን ድምርና በሣጥኑ ያለውን ገንዘብ ታመሳክራለች። ቢጎድል የምትጠየቀው እርሷ ናት፤ ከደመወዟ የምትተካበትም ጊዜ አለ። ቢተርፍ ደግሞ መልሱን ሳይወስድ የሄደ በሽተኛ አለ ማለት ነውና ሌላ ጭንቀት ነው። ይህን ሁሉ የምታደርገው ከመስኮቱ ውጭ ሰው እየጮኸ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ወረፋው እየተጋፋ ነው።

ይህ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅም ይጠቅማል። በቀድሞው አሠራር በመንግሥት ጤና ተቋም የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ከጸደቀ በኋላ ግን ክልሎች በየጊዜው ባወጡት ሕግ ተቋማቱ የሰበሰቡትን አስቀርተው ለመድኃኒት፣ ለሕክምና ዕቃና ለአገልግሎቱ ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቀደ። እንግዲህ በትክክል የተቆረጠች እያንዳንዷ ደረሰኝ ለነገው በሽተኛ ጓንትና ፋሻ ትሆናለች። ያለ ደረሰኝ የተወሰደች ብርም ከነገው በሽተኛ አልጋ ሥር የተሰረቀች ናት።

መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ሲያጠምቅ ቀራጮች ወደ እርሱ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት (ሉቃ. 3፥12-13)። ቀራጭ በዚያ ዘመን ሕዝቡ የሚጠላው ሰው ነበር። ዮሐንስ ግን ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ገንዘብ መቀበል በራሱ ኀጢአት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያ ጻድቅ ባላለፈው ነበር። ወንጌላዊው ማቴዎስም ከቀረጥ መቀበያው ተቀምጦ ሳለ ነው የተጠራው (ማቴ. 9፥9)። ሒሳብ ይጽፍ የነበረው እጅ ወንጌልን ጻፈ። ስለዚህ በቁጥርና በደረሰኝ የሚውል ሰው ሥራዬ ከመንፈሳዊ ነገር የራቀ ነው ብሎ አይዘን። በጥቂቱ የታመነ በብዙም እንደሚታመን ጌታችን አስተምሯልና (ሉቃ. 16፥10)።

3ኛ. መክፈል ስለማይችለው ወገናችን

ከሁሉ የከበደው ነገር እዚህ ላይ ነው። በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ገንዘብ ባይኖረውስ? ድንገተኛ በሽተኛ ከሆነ ሕክምናው መቅደም፣ ካርዱና ሒሳቡ መከተል እንዳለባቸው የታወቀ ነው። በሌላው ጊዜ ግን ብዙ ድኾች ወደ ሐኪም ቤት የማይሄዱት ሕመሙን ንቀው አይደለም፤ መስኮቱን ፈርተው ነው። በገንዘቡ ማነስ በሰው ፊት ማፈርን ፈርተው በቤታቸው ይተኛሉ። ሲጸናባቸው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜም ሊዘገይ ይችላል።

ለዚህ የተዘጋጁ መንገዶች ግን አሉ። የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የወሊድ አገልግሎትና እነዚህን የመሰሉ ሌሎች አገልግሎቶች በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። አቅም ለሌለው ከቀበሌው ተጣርቶ የሚሰጥ የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበረ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። በዚህም አንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍልና ሲታመም መታወቂያውን ይዞ ይታከማል፤ የደኻ ደኻ የሆነውን ቤተሰብ መዋጮ መንግሥት ይሸፍንለታል። ነገሩ እንደ ዕድራችን ነው። ሁሉም ያዋጣል፤ የሚቸገረው ይረዳበታል።

ነገር ግን መንገዱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ይህም ሰው ማን ነው? ሐኪሙ አይደለም፤ በሽተኛው ገና ሐኪሙ ዘንድ አልደረሰም። የሚያሳየው በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ነው። ልጇን አዝላ ከሩቅ ገጠር የመጣች እናት የቋጠረችውን ብር ልትፈታ ስትል «እናቴ፣ ይህስ በነፃ ነው፤ ገንዘብሽን ለመሳፈሪያሽ ያዢው» የሚላት እርሱ ነው። «የመድን መታወቂያዎ አልታደሰም፤ በዚህ ሄደው ያሳድሱት» ብሎ የሚያስረዳም፣ «የለህም? እንግዲያውስ ሂድ» ብሎ የሚያባርርም በዚያው ወንበር ይቀመጣል። የወንበሩን ክብደት ተመልከቱ።

በሐዋርያት ዘመን የደረሰውን እናስታውስ (ሐዋ. 6፥1-6)። በየቀኑ ለድኾች በሚታደለው ምግብ ላይ ከግሪክ አገር አይሁድ ወገን የሆኑት መበለቶች ስለ ተዘነጉ ማጕረምረም ተነሣ። ነገሩ የአስተዳደር ጕዳይ ነበር፤ ማን ተመዘገበ፣ ማን ተረሳ የሚል ነው። ሐዋርያት ግን እንደ ቀላል አላዩትም። መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አዘዙ፤ ጸልየውም እጃቸውን ጫኑባቸው። ከእነርሱም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እንግዲህ አንዲት መበለት ከመዝገብ እንዳትረሳ መጠበቅ መንፈስ ቅዱስ የሞላበትን ሰው የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዲያቆን ማለትም አገልጋይ ማለት ነውና።

ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከከተማው አጠገብ ለድኾችና ለሕሙማን መጠጊያ የሚሆን ትልቅ ተቋም እንዳቋቋመ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የታወቀ ነው። ሐኪም ብቻውን እንዲህ ያለውን ቤት አያቆመውም። የመጣውን የሚቀበል፣ እህሉን የሚሰፍር፣ ወጪውን የሚይዝ ሰው በቤቱ መኖር አለበት። የእነዚያ ሰዎች ስም ባይነገርም ያለ እነርሱ ቤቱ አንድ ወር አይውልም።

4ኛ. «እነርሱስ ይሰድቡን የለምን?»

አንዳንድ ወንድም ይህን ሲያነብ «ይህ ሁሉ ውዳሴ ለማን ነው? በመስኮቱ የሚሰድብ የለምን? የገጠር ሽማግሌ ሲያይ የሚያፌዝ፣ ዘመድ ሲመጣ ወረፋ የሚያስቆርጥ፣ እጅ መንሻ ካላየ ካርድ የማያወጣ የለምን?» ማለቱ አይቀርም። አለ፤ መኖሩን አንክድም። ክፉውን በጎ ነው ብሎ ማመስገን ሐሰት ነው፤ ሐሰትም ምስጋና አይሆንም። ጉቦ የሚቀበለውን ለኀላፊው ማመልከት፣ ሽማግሌ የሚሳደበውን «ወንድሜ፣ ይህ አይገባም» ማለት የክርስቲያን ግዴታ ነው።

ግን ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው፣ በበጎው ላይ የክፉውን ዕዳ አንጫን። አንድ መስኮት፣ አንድ ሠራተኛ፣ ከመስኮቱ ውጭ እስከ አጥር የደረሰ ሰልፍ ባለበት ቦታ መብራት ሲጠፋና ኮምፒዩተሩ ሲቆም ጥፋቱ የማን ነው? ሠራተኛው ከሰልፉ መጨረሻ ያለው ሰው ሳይደርሰው እንደሚመለስ እያወቀ ይሠራል። ይህ ራሱ ሸክም ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜም ምን እንደ ታመመ ገና ያልታወቀውን ሰው ፊት ለፊት የሚቀበሉት በመስኮቱ የሚቀመጡት ነበሩ። ያን ጊዜ ስለ ሐኪሞችና ነርሶች በሚገባ ብዙ ተባለ። የካርድ ክፍሉን ሰው ግን የጠራው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው፣ ወረፋ የሚያስቆርጠው ሠራተኛ ብቻውን አይደለም፤ የሚያስለምነው ሰው አለ። «እዚያ የምታውቀው ሰው አለህ ወይ?» የምትለዋ ጥያቄ በአገራችን የተለመደች ናት። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ በሐኪም ቤት የምትሠራ እኅት ብትኖርና አንድ ወንድም ሄዶ «አስቀድሚልኝ» ቢላት ምን ማለቱ ነው? ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የቆመችውን አሮጊት ወደ ኋላ ግፊልኝ ማለቱ ነው። እኅታችን እምቢ ብትለው ያኮርፋታል፤ እሺ ብትለው ኅሊናዋን ያቆስለዋል። ወንድማማችነት ለዚህ አልተሰጠንም። በፍቅር ስም ሰውን ወደ አድልዎ መጎተት ፍቅርን ማርከስ ነው። ስለዚህ ታማኝ ሠራተኛን ለማመስገን የመጀመሪያው መንገድ ታማኝነቱን አለመፈታተን ነው።

5ኛ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ምስጋና በቃል ብቻ ሲቀር ይተናል። ስለሆነም በመጪዎቹ ወራት ልንፈጽማቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን እናቀርባለን።

ሀ. ስማችንን አስተካክለን እንያዝ። በቤታችን ያሉ አረጋውያን በአንድ ስምና በአንድ ፊደል እንዲመዘገቡ እንርዳቸው። የቀጠሮ ካርዳቸውን ከመድን መታወቂያቸው ጋር በአንድ ፖስታ አድርገን እናስቀምጥላቸው። በሠራተኛው ላይ የምናቃልለው ትልቁ ሸክም ይህ ነው፤ የሚፈጀውም ግማሽ ሰዓት ነው።

ለ. የምግባረ ሠናይ ክፍላችን በየሰፈሩ የጤና መድን መታወቂያቸው ያልታደሰላቸውን አቅመ ደካሞች ይጠይቅ። ማንበብ የምንችል ልጆች ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችን ቀኑን እናስታውሳቸው። በመስኮቱ ፊት «አልታደሰም» መባል ለታመመ ሰው ሁለተኛ ሕመም ነው።

ሐ. በበዓላት ሕሙማንን ለመጠየቅ ዳቦና ፍራፍሬ ይዘን ስንሄድ በካርድ ክፍሉና በገንዘብ ተቀባይዋ በኩል ዝም ብለን አንለፍ። እነርሱም በዓሉን ከቤታቸው ርቀው የዋሉ ናቸው። «እንኳን አደረሳችሁ፤ እግዚአብሔር ያበርታችሁ» ማለት ምን ይከብዳል? ከዳቦውም ቈርሰን እናካፍላቸው። ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ዋጋ እንደማይጠፋ ጌታችን ተናግሯል (ማቴ. 10፥42)።

መ. ወረፋችንን እንጠብቅ። ያልገባውን እናስረዳ፤ መጻፍ የማይችለውን እንጻፍለት፤ ቋንቋ ለሚቸግረው እናስተርጕምለት። አንድ ወጣት በሰልፉ ውስጥ ቆሞ እንዲህ ቢያደርግ ለሠራተኛውም ለበሽተኛውም ዕረፍት ነው።

ሠ. በጸሎታችን እናስባቸው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ድውያን ዘወትር ትጸልያለች። ድውያኑን ተቀብለው ስማቸውን ስለሚጽፉትም ጥቂት እንጨምር።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆችም አንድ ቃል አለን። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አካል ሲያስተምር ዓይን እጅን አታስፈልገኝም ሊል እንደማይችል፣ ደካሞች የሚመስሉትም ብልቶች ይልቁን የሚያስፈልጉ እንደ ሆኑ አስረድቷል (1ኛ ቆሮ. 12፥21-22)። በሐኪም ቤት ሐኪሙ ዓይን ቢሆን እናንተ እጅ ናችሁ። ሰው ስላላመሰገናችሁ ሥራችሁን አትናቁት። ከመስኮቱ ውጭ ሃምሳኛ ሆኖ የደረሰው ሰው ለእናንተ ሃምሳኛ ነው፤ ለራሱ ግን አንድ ነው። ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጥ አድሮ፣ በአውቶቡስ ተጕዞ የመጣ ነው። ቀና ብላችሁ ፊቱን አይታችሁ ስሙን በጥራት ብትጽፉለት ሕክምናው ከዚያ ይጀምራል። የማትችሉትን አትችሉም፤ ተመኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መፍጠር አትችሉም። «አይዞዎት፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ» ማለት ግን ትችላላችሁ። ይህች ቃል ከየትኛውም ተመን ውስጥ አልተጻፈችም፤ ደረሰኝም አይቈረጥባትም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሳምራዊው ለማደሪያው ጠባቂ የሰጠው የሁለት ቀን ደመወዝ ብቻ ነበር። ለቀረው ግን ቃሉን ሰጠው። ጠባቂው ያልተከፈለበትን ሌሊት ሁሉ በዚያ ቃል ታምኖ በሽተኛውን አስታመመ፤ የሚመለስ ጌታ እንዳለ አምኗልና። ዛሬም በየካርድ ክፍሉ ከደመወዛቸው በላይ የሚደክሙ አሉ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ለአንዲት አሮጊት ሲሉ መስኮቱን ያልዘጉ፣ የጠፋ ማኅደር ፍለጋ መሰላል ላይ የወጡ፣ የጎደለችውን ጥቂት ሳንቲም ከኪሳቸው የሞሉ አሉ። ይህ በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። የሚመለሰው ጌታ ግን ያውቀዋል፤ የከሰሩትን ሁሉ ይከፍላቸዋል። እኛም እርሱ እስኪመለስ ድረስ ከምስጋናው ጥቂቱን እንክፈላቸው።

የሕሙማንን ስም በየዕለቱ የሚጽፉትን አገልጋዮች ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ በደዌ ያሉትን ይማርልን፤ የሚያስታምሙትን ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።